ባለጠጋ ማን ነው?

ባለጠጋ ማን እንደ ሆነ፥ ድኻም ማን እንደ ሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ቤቱን አይቶ፥ ከብቱን ቈጥሮ፥ ልብሱን ተመልክቶ ይፈርዳልና። ለአንዱ ከወንበሩ ይነሣለታል፤ ሌላውን ግን ሳያየው ያልፋል። ነገር ግን የሰው ሀብት የሚመዘንበት ሌላ ሚዛን አለ፤ ያም ሚዛን በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ እጅ ነው። በዚያ ሚዛን የተመዘነ ሰው ብዙ ጊዜ ጎረቤቶቹ ከገመቱት የተለየ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ነገር እናስተውል ዘንድ፥ ቅዱስ ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ሳለ እንዲጽፍላቸው ከታዘዘ ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ሁለቱን እንመልከት። እነርሱም የሎዶቅያና የሰምርኔስ ናቸው። የሎዶቅያ ምእመናን ባለጠጎች ነን ሲሉ ድኾች ተባሉ፤ የሰምርኔስ ምእመናን ግን ድኾች ሳሉ ባለጠጎች ተባሉ (ራእይ ምዕራፍ 2 እና 3)።

ስለ ሎዶቅያ

ሎዶቅያ በታናሽ እስያ፥ ዛሬ የቱርክ አገር በሚባለው ውስጥ፥ ደኒዝሊ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነበረች። ታላላቅ የንግድ መንገዶች ይገናኙባት ነበርና እጅግ በለጸገች፤ ይልቁንም በሦስት ነገር ስሟ የታወቀ ሆነ። መጀመሪያው ገንዘብ ነው። ሲሴሮ የተባለው ሮማዊ ሹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ51 ዓመት ወደ ግዛቱ ሲሄድ ገንዘቡን የሚቀበለው በሎዶቅያ እንደ ነበረ ደብዳቤዎቹ ያስረዳሉ። ሁለተኛው የበግ ጠጕር ነው። በዚያ አገር የሚረቡ በጎች ጠጕራቸው ለስላሳና ጥቁር ስለ ነበረ ከእርሱ የተሠራው ልብስ በብዙ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሦስተኛው ሕክምና ነው። በከተማይቱ አቅራቢያ የታወቀ የሕክምና ትምህርት ቤት ነበረ፤ የዚያም አውራጃ የዓይን መድኃኒት በሩቅ አገር ይታወቅ ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ60 ዓ.ም. የምድር መናወጥ ሎዶቅያን አፈረሳት። ታሲቱስ የተባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ እንደ ተረከው፥ ከተማይቱ ከሮም መንግሥት ርዳታ ሳትቀበል በገዛ ገንዘቧ እንደ ገና ተሠራች። ለከተማ ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን ከተማይቱ ለንጉሡ የማንም ርዳታ አያስፈልገኝም እንዳለች፥ በውስጧ ያለችውም ቤተ ክርስቲያን ለጌታዋ ያንኑ ቃል ተናገረች። የከተማይቱ ልብ የምእመናኑ ልብ ሆነ፤ የገበያው አነጋገር ወደ ጸሎት ቤት ገባ።

ጌታችን ይህችን ቤተ ክርስቲያን ስለ ምን ወቀሳት? ጣዖት አመለከች፥ ሐሰተኛ ትምህርት ተቀበለች አላለም፤ ለብ ያለች ናት አለ እንጂ። በዚያ አውራጃ የነበሩ ሰዎች ይህ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። በአቅራቢያዋ በኢያራ ከተማ ለበሽተኞች የሚጠቅም የፍል ውኃ ምንጭ አለ፤ ቆላስይስ ደግሞ ከተራራ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ አጠገብ ነበረች። ወደ ሎዶቅያ ግን ውኃ ከሩቅ በድንጋይ ቦይ ይመጣላት ነበር፤ የቦዩም ድንጋይ በውስጡ ኖራ የመሰለ ነገር እየጋገረበት እስከ ዛሬ በፍርስራሹ መካከል ይታያል። ትኩስ ውኃ በሽተኛን ይፈውሳል፤ ቀዝቃዛ ውኃም የተጠማውን ያረካል። ለብ ያለ ውኃ ግን ለማን ይጠቅማል? የሎዶቅያ ምእመናን ከሀብታቸው የተነሣ ለራሳቸው ሁሉ ያላቸው ሆነው ሳለ ለሌላው የማይጠቅሙ ሆኑ።

እንግዲህ ጌታችን የሰጣቸውን ምክር ልብ አድርጉ። የወርቅ መዝገብ ላላቸው በእሳት የነጠረ ወርቅ ከእኔ ግዙ አላቸው። ልብስ ለሚሠሩና ለሚሸጡ ዕራቁታችሁን ናችሁና ነጭ ልብስ ከእኔ ግዙ አላቸው። የዓይን መድኃኒት ለሚቀምሙ እንድታዩ ዓይናችሁን ተኳሉ አላቸው። በሚመኩበት በዚያው ነገር ጕድለታቸውን አሳያቸው። ድኻ የሆነ ሰው ወርቅን በምን ይገዛል የሚል ቢኖር፥ መልሱ ይህ ነው፤ ከክርስቶስ ዘንድ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ምንም አያስፈልገኝም የሚለውን ትዕቢቱን ነው። ያንን ካስረከበ በኋላ የቀረው ሁሉ በነጻ ይሰጠዋል።

ስለ ሰምርኔስ

ሰምርኔስ ዛሬ ኢዝሚር የምትባለው የባሕር ወደብ ናት። ከተማይቱ ያማረችና የበለጸገች ነበረች፤ በውስጧ የነበሩ ምእመናን ግን በድኽነትና በመከራ ይኖሩ ነበር፤ እስራትም ይጠብቃቸው ነበር። ለእነርሱ በተጻፈው መልእክት ውስጥ አንድ ስንኳ የወቀሳ ቃል አይገኝም። ጌታችን ድኽነታቸውን እንደሚያውቅ ከነገራቸው በኋላ ባለጠጎች መሆናቸውን መሰከረላቸው።

ይህም ሀብት ምን እንደ ነበረ ኋላ ተገለጠ። በ155 ዓ.ም. ገደማ የሰምርኔስ ጳጳስ ፖሊካርፖስ ክርስቶስን እንዲክድ በአገረ ገዢው ፊት ተጠየቀ። ሽማግሌው ግን 86 ዓመት ያገለገለውን ጌታ ሊክድ አልወደደም፤ ስለዚህም ለእሳት ተሰጥቶ ተገደለ። አገረ ገዢው ሕይወቱን ሊወስድበት ተቻለው፤ ሀብቱን ግን ሊነካበት አልተቻለውም። በእሳት የነጠረ ወርቅ ማለት ይህ ነው።

ገንዘብ ራሱ ኀጢአት ነውን?

አይደለም። የአርማትያስ ሰው ዮሴፍ ባለጠጋ ነበረ፤ የጌታችንንም ሥጋ በአዲሱ መቃብሩ አኖረ። በፊልጵስዩስ የነበረችው ልድያ ቀይ ሐር የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች፤ ልቧን ጌታ ከከፈተላት በኋላ ቤቷን ለሐዋርያት ከፈተች። የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስም ጌታን በደስታ በቤቱ በተቀበለ ቀን የገንዘቡን እኩሌታ ለድኾች ሰጠ፤ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ነበራቸው፤ ገንዘብ ግን እነርሱን አልያዛቸውም።

ደግሞም ድኻ ሁሉ በመንፈስ ባለጠጋ ነው ማለት አይደለም። ምንም ሳይኖረው ቀንና ሌሊት ገንዘብን የሚመኝ፥ በባልንጀራው ማግኘት የሚቃጠል ሰው፥ እጁ ባዶ ቢሆንም ልቡ በሎዶቅያ ይኖራል። ደግሞም የሌላውን ረኃብ እያየ ድኽነት ጸጋ ነው እያለ የሚያጽናና ባለጠጋ የእግዚአብሔርን ቃል ያጣምማል። ይህ ቃል የተነገረው ባለጠጋው ልቡን እንዲመረምር ነው እንጂ የተራበውን በባዶ እጅ እንዲያሰናብት አይደለም።

ራሳችንን እንመርምር

እንግዲህ ልባችን ከየትኛዪቱ ከተማ እንደ ሆነ በምን እናውቃለን? በጸሎት ጊዜ በምንናገረው ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ በሚገባበትና በሚወጣበት ጊዜ በምንሠራው ሥራ ነው እንጂ።

ከአባት በተወረሰ በጥቂት መሬት ምክንያት ሁለት ወንድማማች ብዙ ዓመት ሳይነጋገሩ በፍርድ ቤት ሲመላለሱ እናያለን። ከእነርሱ አንዱ ይረታ ይሆናል፤ ነገር ግን ወንድሙን አጥቶ መሬት ያገኘ ሰው ምን አተረፈ? አንድ ሰው ጌታችንን ከወንድሙ ጋር ርስት እንዲያካፍለው በለመነው ጊዜ፥ ጌታችን ርስቱን አላካፈለም፤ ከመጐምጀት እንዲጠበቁ አስጠነቀቃቸው፤ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ያሰበውንም ባለጠጋ ምሳሌ ነገራቸው (ሉቃስ ምዕራፍ 12)። ያ ባለጠጋ ሰረቀ ተብሎ አልተወቀሰም። አሳቡ ሁሉ እህሌ፥ ጎተራዬ፥ ነፍሴ በማለት ብቻ ተፈጸመ እንጂ፥ እግዚአብሔርንም ጎረቤቱንም አላሰበም።

የሠራተኛውን ደመወዝ ነገ እያለ የሚያቈይ፥ በሚዛኑም የሚያጐድል ሰው በእሑድ ቀን ከሚሰጠው ምጽዋት የሚበልጥ ዕዳ በቤቱ አለበት። ለሠርግና ለተዝካር ሰው እንዲያመሰግነው በብድር የሚደግስ፥ በማግስቱም ልጆቹን የሚያስርብ ሰው የሰውን አድናቆት በልጆቹ እንጀራ ገዝቶአል።

አሁን ደግሞ በዘመናችን የበዛውን አንድ ነገር ልንናገር ይገባናል። ከልጆቻችን ብዙዎች ወደ ዓረብ አገርና ወደ ሌላም ሩቅ አገር ሄደው በሰው ቤት ይሠራሉ፤ ከደመወዛቸውም ለወላጆቻቸው ይልካሉ። ይህ የፍቅር ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ነገር ግን ገንዘቡ በደረሰ ጊዜ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምንድር ነው? ስንት ላከች ብሎ ነውን? ወይስ ደኅና ናትን፥ ትተኛለችን፥ ትጸልያለችን፥ የሚያጽናናት ሰው አላትን ብሎ ነው? ለጣራው ቆርቆሮ ተገዝቶ፥ የልጂቱ እንባ ሳይጠየቅ የቀረ እንደ ሆነ፥ ያ ቤት ከውጭ ሲታይ አምሮአል፤ ከውስጡ ግን ዕራቁቱን ነው። እናትና አባት ሆይ፤ ልጃችሁ ከምትልከው ገንዘብ ሁሉ ትበልጣለች። ይህን ከአፋችሁ ትስማ።

የማይጠፋው ሀብት

መንፈሳዊ ሀብት ስንል በአየር ላይ የሚቀር ቃል አንናገርም። የኀጢአት ስርየት ሀብት ነው፤ ሰው በሌሊት ሲነቃ ኅሊናው ሳይከስሰው መተኛቱ ከዚህ የተነሣ ነውና። እምነት ሀብት ነው፤ እህል ባጠረ ጊዜ፥ በሽታም በገባ ጊዜ ቤትን አቁሞ ያኖራልና። ፍቅር ሀብት ነው፤ በመከራ ቀን በሩን የሚያንኳኳ ወዳጅ ያስገኛልና። ጸሎት፥ ትዕግሥት፥ እውነተኛነት፥ የእግዚአብሔርን ቃል ማወቅ፥ እነዚህ ሁሉ ሀብት ናቸው።

ይህን ሀብት ከምድራዊው በሦስት ምልክት እንለየዋለን። ምድራዊ ሀብት ሲካፈል ያንሳል፤ መንፈሳዊ ሀብት ግን ሲካፈል ይበዛል፤ ሌላውን በጸሎት ያስተማረ ሰው ራሱ መጸለይን አይረሳምና። ምድራዊ ሀብት ጠባቂ ይፈልጋል፤ መንፈሳዊ ሀብት ግን ባለቤቱን ይጠብቀዋል። ምድራዊ ሀብት ባለቤቱን እስከ መቃብር አፍ ሸኝቶ ይመለሳል፤ መንፈሳዊ ሀብት ግን አብሮት ይሻገራል።

የመለወጫው ጊዜ

በአገራችን በኢትዮጵያ በመስከረም ወር 2013 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መንግሥት የ10፥ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡ አወጀ፤ ለመለወጫውም የሦስት ወር ጊዜ ሰጠ። በዚያ ጊዜ ገንዘቡን ወደ ባንክ የወሰደ ሰው ምንም አልጐደለበትም። በሣጥን ቈልፎ፥ በመሬት ቀብሮ የረሳው ሰው ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ የያዘው ወረቀት ነበር። ቊጥሩ እንዳለ ነበር፤ ቀለሙም አልጠፋም፤ የሚቀበለው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያም በፊት አባቶቻችን 1780 የሚል ቊጥር ባለበት በጠገራ ብር ይገበያዩ ነበር፤ ዛሬ በእርሱ በገበያ ጨው የሚሸጥልን የለም።

የዚህ ዓለም ገንዘብ ሁሉ እንዲሁ ነው። ጌታችን ምድራዊ ገንዘብ በሚያልቅበት ጊዜ በዘላለም ቤት የሚቀበሉን ወዳጆች እንድናደርግበት መከረን (ሉቃስ ምዕራፍ 16)። ይህም መዳንን በገንዘብ እንገዛለን ማለት አይደለም፤ መዳን የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና። ነገር ግን ይህን ስጦታ የተቀበለ ሰው በእጁ ያለው ገንዘብ ጊዜው እንደሚያልፍ ያውቃል፤ ስለዚህም ሳያልፍበት ለተራበው እንጀራ፥ ለታረዘው ልብስ፥ ለድኻ አደጉ ትምህርት፥ ከወንድም ጋር ለመታረቂያ ካሣ አድርጎ ይለውጠዋል። የብር ኖቱ የመለወጫ ቀን አስቀድሞ ተነግሮን ነበር፤ የእኛ የዕድሜያችን ቀን ግን አልተነገረንም። ስለዚህ ነገ እለውጣለሁ የሚል ሰው ያልተሰጠውን ቀን ይቈጥራል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ሎዶቅያ ዛሬ ፍርስራሽ ናት፤ ሰዎች ድንጋይዋን እየቈፈሩ ያወጣሉ፤ ጎብኚዎችም ሊያዩአት ይመጣሉ። ወርቋም የበግ ጠጕሯም መድኃኒቷም የለም። ለእርሷ የተነገረው ቃል ግን አላረጀም። ጌታችን ያችን ቤተ ክርስቲያን በቍጣ አልጣላትም፤ የሚወድደውን እንደሚገሥጽ ነገራት፤ በደጅም ቆሞ እንደሚያንኳኳ አስታወቃት። በባለጠጋ ደጅ የቆመው ለማኝ መስሎ ነው፤ ነገር ግን የመጣው ሊሰጥ ነው።

ዛሬም በቤታችን ደጅ ቆሞአል። ምንም አያስፈልገኝም ብለን አንመልሰው። ከወንድሙ ጋር የተጣላ ዛሬ ይሂድ፤ የሠራተኛውን ዋጋ የያዘ ዛሬ ይክፈል፤ ልጁን የረሳ ዛሬ ይጠይቃት፤ በሀብቱ የታመነ ዛሬ ድኽነቱን ለጌታ ይናገር። እርሱ ባለጠጋ ሲሆን ስለ እኛ ድኻ ሆኖአልና ባዶ እጃችንን አይንቅም።

አቤቱ ጌታችን ሆይ፤ ዓይናችን እንዲያይ ክፈትልን፤ ዕራቁትነታችንን በጽድቅህ ሸፍን፤ የሚያልፈውን ገንዘብ በማያልፈው ፍቅር እንድንለውጥ ልብ ስጠን። አሜን።