ማን ነበረ የሚጠብቀው?

ታናሽ ወንድሜን ትን ያለው ቀን እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሱ ገና ሁለት አልሞላውም። ክረምት ነው። አሰላ ላይ ክረምት ማለት ጭላሎ ቀኑን ሙሉ ደመና ለብሶ የሚውልበት፣ ሰው ከእሳት ዳር የማይርቅበት ጊዜ ነው። እማዬ ገብስና ባቄላ ቆልታ ሰፌድ ላይ አድርጋ ጎረቤት ሄደች። ስትወጣ «ቆሎ እንዳትሰጪው» ብላኛለች። አለቀሰ፤ ሰጠሁት። እየሳቀ ሲሮጥ ትን አለው። ፊቱ ቀላ፣ አሳለ፣ አሳለ፣ ከዚያ ተወው። ውሃ አጠጣሁት። ትንሽ ቆይቶ መጫወት ጀመረ። እማዬ ስትመለስ ደህና ስለነበር ምንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሳል ጀመረው፤ ትኩሳት ተከተለ። ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ «የሳንባ ምች» ተባለ፤ ሽሮፕ ተሰጠው። ተሻለው፣ ተመለሰበት። ሌላ መድኃኒት ተሰጠው። አያቴ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው። በየማታው ቤታችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ማን ነበረ የሚጠብቀው? ማን ነው ብርድ ያስመታው?» ጥያቄው በተነሳ ቁጥር አፌ ይበልጥ ይዘጋል።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሐኪም አየው። ደረቱን በሁለቱም በኩል ደጋግሞ አዳመጠና «ሳሉ ከመጀመሩ በፊት ሲበላ ወይም ሲጫወት ትን ብሎት ነበር?» አለ። እማዬ «ኧረ በፍጹም!» አለች። አልዋሸችም፤ አላየችም። ሐኪሙ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «አንቺስ እናቴ? ማንም አይቆጣሽም።» ተናገርኩ። አዲስ አበባ ተልኮ፣ በማደንዘዣ ተኝቶ፣ በመሣሪያ ከሳንባው ቧንቧ ግማሽ ባቄላ ወጣለት።

ያን ጊዜ ያልገባኝን በኋላ አንብቤ ተረዳሁት። ባቄላ ራጅ ላይ አይታይም። ብረት ይታያል፤ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፕላስቲክ ግን ብዙውን ጊዜ አይታዩም። እንዲያውም ራጁ ንጹሕ ሆኖ ባቄላው እዚያው ሊቀመጥ ይችላል። የመጀመሪያው ሳል ካለፈ በኋላ ደግሞ ልጁ ደህና የሚመስልበት ጊዜ ይመጣል። ውስጥ የቀረው ፍሬ እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ሳንባውን ያስቆጣል፣ ምች ይመስላል። ስለዚህ ትልቁ የምርመራ መሣሪያ «አዎ፣ ትን ብሎት ነበር» የሚል ሰው ነው።

በሚታየውም ነገር ቢሆን ያው ነው። ልጅ ክብ ብረት ዋጠ እንበል። ሳንቲም ከሆነ አንዳንዴ በራሱ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከሪሞት ወይም ከመጫወቻ የወጣች ክብ ባትሪ ሆና ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረች ግን በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ማቃጠል ትጀምራለች። ራጅ ላይ ባትሪ ጠርዟ ድርብ ቀለበት ስለሚመስል ይለያል ይባላል። ነገር ግን ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ሳንቲምም እንዲሁ ቀለበት ሊያሳይ ይችላል፤ የኛው ባለ 1 ብር ሳንቲም ደግሞ ከሁለት ብረት የተሠራ ነው። ሐኪሙ ሲጠራጠር የሚረዳው ማነው? የሪሞቱ ክዳን ተከፍቶ ያየ ልጅ። የቤት ሠራተኛዋ። ማለትም ቤት ውስጥ ለመናገር ከሁሉ በላይ የሚፈሩት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዝም ስትል ጥፋቱ የማን ነው? የራሴ አይደለም ብዬ ማምለጥ አልፈልግም። እንዳልሰጠው ተነግሮኛል፤ ሰጥቻለሁ። ሲያስል ሦስት ሳምንት አይቻለሁ። ግን ዝምታዬን ብቻዬን አልሠራሁትም። «ማን ነበረ የሚጠብቀው?» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ የሆነውን ለማወቅ ይጠይቃል፣ ሌላው የሚመታውን ሰው ይፈልጋል። ቃላቸው አንድ ነው፤ ልጅ የሚለያቸው በድምፁ ነው። እኛ ቤት ሁልጊዜ ሁለተኛው ነበር የሚቀድመው። ሐኪሙ ያደረገው ነገር ቢኖር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ብቻ ነው።

«ታዲያ ማንም አይጠየቅ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ተጠያቂነት የሌለበት ቤት ውስጥም ልጅ ይጎዳል። አሜሪካዊው ሐኪም ሸቫሊየር ጃክሰን (እ.ኤ.አ. 1865–1958) ከሰው ጉሮሮና ሳንባ ካወጣቸው ነገሮች 2,374 ያህሉ ዛሬም ፊላደልፊያ በሚገኘው ሙተር ሙዚየም ተቀምጠዋል። ቁልፍ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ምስማር፣ ፍሬ። ለቤት ጽዳት የተቀመጠ ኃይለኛ ኬሚካል ጠጥተው ጉሮሯቸው የተቃጠለ ሕፃናትንም ያክም ነበር። እናቶቹን ሲቆጣ መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ዕቃው ላይ የመርዝ ምልክት እንዲለጠፍ ዓመታት ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ1927 ሕጉ ወጣ። ተጠያቂነትን አልሰረዘም፤ አደጋን መከላከል ወደሚችለው ሰው አዞረው። እኛ በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ አስቀምጠን የጠጣውን ልጅ «ምን አስነካህ?» እንላለን።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። ከአሰላ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከበቆጂ ወይም ከዚያ ወዲያ ካለ ገጠር ለሚመጣ ገበሬ «ሂድና ይታይልህ» ማለት በግ መሸጥ፣ አንዳንዴም በሬ መሸጥ ነው። በጥርጣሬ ተልኮ ምንም ሳይገኝ ቢመለስስ? ሕክምናው የሚለው፣ ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ አይቶ ባዶ ማግኘት ሳያዩ ከመተው ይሻላል ነው። እስማማለሁ። ግን የባዶውን ዋጋ የሚከፍለው ሐኪሙ አይደለም፣ በሬውን የሸጠው ሰው ነው። ስለዚህ ያየ ሰው በጊዜ ቢናገር ልጁን ብቻ አይደለም የሚያድነው፤ ከንቱ መንገድንም ያስቀራል።

ዛሬ የእህቴ ልጅ እኛ ቤት ሲመጣ ለሚጠብቁት ልጆች ቀድሜ የምነግራቸው «አደራ» አይደለም። «የሆነ ነገር ከሆነ ሮጣችሁ ንገሩኝ፤ አልቆጣም» ነው የምለው። እውነቱን ለመናገር ቃሌን መጠበቅ ይከብደኛል። ባለፈው አንድ ሳንቲም ጠፍቶ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን ነበረ የሚጠብቀው?» ነበር። ልጆቹ ዝም አሉ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። ተንበርክኬ እንደገና ጠየቅኩ።

እማዬ እስከ ዛሬ «ቆሎ እንዳትሰጪው ብዬሽ አልነበር?» ብላኝ አታውቅም። ይቅር ብላኝ ይሁን ረስታው፣ ጠይቄያት አላውቅም።