የተውሶ እጅ

ለመሆኑ አንድ ሰው በገዛ አፉ ተናገረ፣ በገዛ እጁ ጻፈ የሚባለው መቼ ነው? ጥያቄው የቆየ ቢሆንም ኢንተርኔት አዲስ መልክ ሰጥቶታል። መሣሪያው ብቅ ባለበት ወቅት ብዙዎች ማዕረግን ያፈርሳል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ካባው አይታይ፣ ቡትቶው አይታይ፤ ቃል ከቃል ጋር ብቻ ይገናኛል ተባለ። ዳሩ ግን ማዕረግ በሩ ሲዘጋበት በመስኮት መግባትን ከጥንትም ያውቅበታል።

ለዚህም የአሜሪካ ወጣቶች ታሪክ ምስክር ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ተወለደ፤ በሩን ለሰፊው ሕዝብ የከፈተው በ2006 ነው። ከእርሱ ቀድሞ በወጣቱ ዘንድ የገነነው ማይስፔስ ነበር። ዳና ቦይድ የተባለች ተመራማሪ በ2007 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ኮሌጅ ለመግባት የሚያልሙት የደኅና ቤተሰብ ልጆች ወደ ፌስቡክ ሲያዘነብሉ የሠራተኛውና የስደተኛው ልጆች፣ እንዲሁም በትምህርት ቤት የተገለሉት በማይስፔስ እንደ ቀሩ አመለከተች። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ነበሩ። የማይስፔስን ገጽ ግን ባለቤቱ እንደ ወደደ በቀለም፣ በሥዕልና በሙዚቃ ያንቆጠቁጠው ነበርና፣ ይኸው ጌጥ በሌላው ወገን ዐይን የዝቅተኛነት ምልክት ሆነ። ስለ ውበት የተሰጠ የሚመስለው ፍርድ በሥሩ ስለ ሰው የተሰጠ ፍርድ ነበር። እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎችም «ተራ ነው» ስንል ሥራውን ይሁን ሠሪውን እንደምንነቅፍ ሁልጊዜ አንለይም።

በአገራችን ኢንተርኔት ሥራ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በእኛ ዘንድ ማዕረግ የገባው በሌላ መስኮት፣ ይኸውም በእጅ በኩል ነው። የጥንቱ መኰንን ደብዳቤውን ራሱ አይጽፍም፤ እርሱ ይናገራል፣ ጸሐፊው ይከትባል። ብዕር የደብተራ ሙያ ነበረና አለመጻፉ አያሳፍረውም። የዚህ ልማድ ርዝራዥ ዛሬም አልጠፋም። የመጣለትን ኢሜይል ጸሐፊው በወረቀት አትማ የምታቀርብለትን ኀላፊ ያላየ የመሥሪያ ቤት ሰው ይኖር ይሆን? እርሱም በተውሶ እጅ የሚጠቀም ነው። ማይም ግን አይባልም፤ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይባልለታል።

የሠፈራችን እናት ደግሞ ያንኑ ስታደርግ ስሙ ይለወጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከዐረብ አገር ልጇ የምትልከው ገንዘብም፣ የመብራቱ ክፍያም በስልክ ሆኗል። ፊደል ያልቈጠረች እናት ስልኳን ለጎረቤት ልጅ፣ አለዚያም ለባለሱቁ ትሰጣለች፤ ከስልኩ ጋርም የምሥጢር ቍጥሯን ትሰጣለች። የኀላፊው ጸሐፊ ምሥጢር ብታወጣ ከሥራዋ ትባረራለች፤ የእናቲቱ «ጸሐፊ» ቢያወጣ ግን ማን ይጠይቀዋል? ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው እጅ የሚታዘዝ፣ ሌላኛው የሚለመን ነው። ልጂቱም ብትሆን ከዚያ ወዲያ የምትገኘው በአሠሪዋ ፈቃድ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኞች ስልካቸውን በአሠሪያቸው እንደሚነጠቁ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ለአንዱ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ የሆነው፣ ለእርሷ ሌሊት ድምፅ ቀንሶ የሚሰረቅ ነው።

«ይህ የማይምነት ጉዳይ ነው፤ ትምህርት ሲስፋፋ ይጠፋል» የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ፊደል መማር ብቻውን ንቀትን አያጠፋም፤ ማይስፔስ የቀሩት ወጣቶች ሁሉ ፊደል የቈጠሩ ነበሩና። እኔም ራሴ በጽሑፍ ፈንታ የድምፅ መልእክት የሚልኩልኝን ዘመዶች ለማድመጥ ስሰላች፣ የተማሩ ወዳጆቼ ሲልኩልኝ ግን በደስታ ስሰማ ራሴን ይዤዋለሁ። ድምፁ ያው ድምፅ ነው።

ባለፈው ሰሞን በአንድ ሱቅ በራፍ ቆሜ አንዲት አሮጊት አየሁ። ከነጠላቸው ጫፍ ስልካቸውን ፈተው ለወጣቱ ሰጡና ቍጥሩን በጆሮው ነገሩት። እርሱ መንካት ሲጀምር፣ ሰው ምሥጢሩን ሲገልጥ ከአጠገቡ ያለው እንደሚያደርገው፣ በጨዋነት ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።