ጭዱ ቀረ፤ ጡቡስ?

አንዳንዶቻችሁ ሥራ ለመጀመር በዝግጅት ላይ ናችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ከጀመራችሁ ጥቂት ዓመት ሆኗችኋል። ስለዚህ አንድ ቀን በመሥሪያ ቤታችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ የሚል መልእክት ታነቡ ይሆናል፤ ምናልባትም አንብባችሁት ይሆናል፦ «ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከመጪው ወር ጀምሮ የሠራተኞች ሰርቪስ የማይኖር መሆኑን እናሳውቃለን።» የሚቀረው ሰርቪስ ባይሆን የምሳ ድጎማው፣ ሻይ ቡናው፣ የሞባይል ካርዱ ወይም የዓመቱ ቦነስ ሊሆን ይችላል። ደመወዙ አልተነካም። ፔሮሉ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው። ወሩ ሲጋመስ ግን ኪሳችሁ እውነቱን ይነግራችኋል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ በእኛ በአማኞች መካከል ሁለት ዓይነት ምላሽ አያለሁ። አንዱ፣ «እነሱ ከወሰዱብኝ እኔም እወስዳለሁ» ይላል። ሰዓት ሸርፎ ይወጣል፤ ሳይታመም የሕመም ፈቃድ ይሞላል፤ የቢሮውን ወረቀት በቦርሳው ይዞ ይሄዳል፤ ሁለት ቀን ላደረበት መስክ የአራት ቀን አበል ያወራርዳል። ሌላው ደግሞ፣ «ጌታ ያውቃል» ብሎ ዝም ይላል፤ ሆዱ ግን በቂም ይሞላል። የመጀመሪያው ኃጢአት፣ ሁለተኛው ቅድስና ይመስለናል። ነገር ግን ሁለቱ ከምናስበው በላይ ይቀራረባሉ። ይህን ለማየት አስቀድመን አንድ ጥያቄ መመለስ አለብን፦ ለመሆኑ የተወሰደው ነገር ምንድን ነው? የእኛ ነበር ወይስ የእነርሱ?

ጥቅማ ጥቅም ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ በጦርነት ላይ ሳለች መንግሥት ደመወዝ እንዳይጨምር ገደብ ጣለ። ሠራተኛ የሚፈልጉ ድርጅቶች ደመወዝ መጨመር ስለተከለከሉ የጤና መድንና የመሳሰለውን እየሰጡ ሰው ይስቡ ጀመር። የዛሬው የአሜሪካ ሠራተኛ ከአሠሪው የጤና መድን የሚጠብቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንግዲህ ያ መድን ቸርነት ነበር ወይስ ደመወዝ? በሌላ ልብስ የመጣ ደመወዝ ነበር። በእኛም አገር ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ቀጣሪው ደመወዙ ትንሽ መሆኑን ሲያውቅ፣ «ሰርቪስ አለን፤ ምሳም አለን» ይላል። ተቀጣሪውም ደምሮ ቀንሶ ይፈርማል።

ለአሠሪውም ፍትሐዊ እንሁን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሰርቪሱ ጎማ፣ መለዋወጫውና ነዳጁ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። አውቶቡሱን ከማቆምና አሥር ሰው ከማሰናበት አንዱን መምረጥ ግድ የሆነበት ሥራ አስኪያጅ ይኖራል። ወጪ የቀነሰ ሁሉ ስስታም አይደለም። «ወጪ በዛ» ያለ ሁሉ ደግሞ እውነተኛ አይደለም።

ስለዚህ የቀረውን ነገር ከመመዘናችን በፊት ስም እንስጠው። እኔ ሦስት ስም አለኝ።

አንደኛው ጭድ ነው። በዘፀአት ምዕራፍ 5 ፈርዖን ለእስራኤላውያን ጡብ ሠሪዎች ጭድ እንዳይሰጣቸው፣ የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይጎድል አዘዘ። ያ ጭድ ስጦታ አልነበረም፤ ሥራው የሚሠራበት ነገር ነበር። ጭዱን ከልክሎ ያንኑ ጡብ መጠየቅ ወጪን መቀነስ አይባልም፤ ወጪውን በሠራተኛው ጀርባ ላይ መጫን ነው። የሽያጭ ሠራተኛዋ የሞባይል ካርድ ቀርቶ በቀን የምትደውልላቸው ደንበኞች ቁጥር ካልቀነሰ፣ ካርዱ ጭድ ነበር። ማታ 3 ሰዓት ከፈረቃ የምትወጣ እህት ሰርቪሱ ቀርቶባት በጨለማ ታክሲ ስትጠብቅ የምታመሽ ከሆነ፣ ሰርቪሱ ጭድ ነበር። የጽዳት ሠራተኛው ጓንት ደግሞ ለክርክር እንኳ አይቀርብም።

ሁለተኛው፣ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ ሌላ ልብስ የለበሰ ደመወዝ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ስትቀጠሩ ተነግሯችሁ ነበር? ቆጥራችሁት ነው የፈረማችሁት? የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቦነስንና የትራንስፖርት አበልን በደመወዝ ትርጉም ውስጥ አያስገባም። ያም ሆኖ በውል ወይም በኅብረት ስምምነት የተጻፈ ነገር አሠሪው ብቻውን በማስታወቂያ የሚሽረው አይደለም። ያልተጻፈውስ? ሕግ ወለል ነው፤ ክርስቲያን ደግሞ ቃሉን የሚጠብቀው ስለተጻፈ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው እውነተኛ ስጦታ ነው። ለበዓል የሚሰጠው ዘይት፣ የዓመት መጨረሻው ሽርሽር፣ ለልደት የሚቆረሰው ኬክ። ስጦታ አሥር ጊዜ ቢደጋገምም ስጦታ ነው፤ መልመዳችን ዕዳ አያደርገውም። እዚህ ላይ ራሳችንን እንመርምር። በማቴዎስ ምዕራፍ 20 ማለዳ የተቀጠሩት ሠራተኞች የተስማሙበት ዲናር አልጎደለባቸውም፤ ያጉረመረሙት የሌላውን አይተው ነው። በዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ደግሞ ሕዝቡ በግብፅ ያለ ዋጋ የበሉትን ዓሣ አስታወሱ፤ ጡቡን ግን ረሱ። ስጦታ ሲቀር ማዘን ያለ ነው። እንደ ተዘረፈ ሰው መጮኽ ግን ሐሰት ነው። ይልቅስ እስካሁን ለተሰጠን አመስግነን እናውቃለን?

እጅ በድብቅ ሲያካክስ

አሁን «እኔም እወስዳለሁ» ወዳለው ወንድማችን እንመለስ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1647 በፓሪስ ዣን ዳልባ የሚባል አገልጋይ፣ ከሚሠራበት የኢየሱሳውያን ኮሌጅ የቆርቆሮ ሳህኖች ወስዶ ተከሰሰ። መከላከያው፣ «ደመወዜን ለማካካስ ነው» የሚል ነበር። ይባስ ብሎ ከዚያው ማኅበር የአንዱን መምህር ትምህርት ጠቀሰ፤ ትምህርቱ ደመወዙ ያነሰው አገልጋይ የጎደለውን ከጌታው ንብረት ሊወስድ የሚችልበት ጊዜ አለ የሚል ነበር። ብሌዝ ፓስካል ይህን ታሪክ በ1656 በጻፈው ደብዳቤ አንሥቶ በነገሩ ተሳለቀ። በ1679 ደግሞ ጳጳስ ኢኖሰንት 11ኛ ያንን ዓይነቱን ትምህርት በይፋ አወገዙ።

በቅርቡም ያው ታሪክ በሌላ መልክ ተደግሟል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በ2022 ለሠራተኞቹ የሚሰጠውን ነፃ የልብስ አጠባ አቋረጠ። በጥቅምት 2024 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ቢሮው 24 ያህል ሠራተኞችን እንዳሰናበተ ተዘገበ፤ ለአንድ ምግብ የሚሰጣቸውን 25 ዶላር ለልብስ ሳሙናና ለወይን ብርጭቆ አውለውታል ተብሎ ነበር። አንደኛው በዓመት 400,000 ዶላር ይከፈለው እንደነበር ተነግሯል። እንግዲህ ሰውን ወደዚህ የሚገፋው ሁልጊዜ ችግር አይደለም፤ «ይገባኛል» የሚል ስሌት ነው። በእኛም ቋንቋ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል አባባል አለን፤ የዚያው ስሌት ዘመድ ነው።

በድብቅ ማካካስ ለምን ስሕተት ሆነ? በመጀመሪያ፣ ከሳሹም ዳኛውም አስፈጻሚውም ራሳችን እንሆናለን። ለራሱ የፈረደ ሰው መቼ አሳንሶ ያውቃል? ሁለተኛ፣ ቅጣቱ የሚያርፈው ባልበደለው ላይ ነው። ሰዓት ሸርፌ ስወጣ የእኔን ሥራ የምትሠራው አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ናት፤ መስኮት ላይ ተሰልፈው የሚቆዩት ባለጉዳዮች ናቸው። ሦስተኛውና ትልቁ ግን ይህ ነው፦ በድብቅ የወሰደ ሰው አልተናገረም። በደሉ በደል ተብሎ አልተነገረም፤ አሠሪው አልሰማም፤ የነገው ተቀጣሪም እዚያው ውስጥ ይገባል። ሌብነት በእጅ የሚደረግ ዝምታ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ይቀራረባሉ ያልኩት ለዚህ ነው። አንዱ ወስዶ ዝም አለ፤ ሌላው ቂም ይዞ ዝም አለ። ሁለቱም ለአሠሪያቸው እውነቱን አልነገሩትም።

መናገር ማጉረምረም ነው?

«ታዲያ ጳውሎስ ያለኝ ይበቃኛል ብሎ የለም?» ትሉኝ ይሆናል። ብሏል፤ ለዚያውም ከእስር ቤት። ነገር ግን ያንን የተናገረው ስለ ራሱ ነው፤ ሌሎች የተቀነሰባቸውን እንዳይጠይቁ ለማድረግ አይደለም። ያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ከተማ ያለ ፍርድ ተገርፎ በስውር ሊለቁት ሲሉ፣ እነርሱ ራሳቸው መጥተው ያውጡን ብሎ የዜግነት መብቱን ጠይቋል (ሐዋ. 16፥37)። ያለኝ ይበቃኛል ማለትን ለራሴ እሰብካለሁ። ለጽዳት ሠራተኛዋ ከሰበክሁት ግን ስብከት መሆኑ ቀርቶ መሸሸጊያ ይሆናል። የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽ የጻፈው ያዕቆብም (5፥4) ጩኸቱን ኃጢአት አላለውም።

ማጉረምረም ለማይመለከተው ሰው፣ ከኋላ፣ ያለ መፍትሔ የሚነገር ነው። መናገር ደግሞ ለሚመለከተው ሰው፣ ፊት ለፊት፣ በልክ የሚነገር ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ የተበደለ ሰው ዝምታ ግን ይነቅዛል። ስለዚህ ብቻችሁን ሳይሆን አብራችሁ ተናገሩ፤ በአዋጁ የመደራጀትና በኅብረት የመደራደር መብት አላችሁ። በጽሑፍና በቁጥር ተናገሩ፦ ሰርቪሱ በመቅረቱ ለትራንስፖርት በወር ስንት ብር እንደወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደባከነ። ጭዱን ከስጦታው ለዩ፤ ስለ ኬኩ አትሟገቱ፤ ስለ ማታው ፈረቃ ግን አትተዉ። አማራጭም ይዛችሁ ቅረቡ፦ ሙሉው ካልተቻለ ለማታ ፈረቃ ብቻ ይሁን።

ይህ ሁልጊዜ ይሳካል ብዬ አላታልላችሁም። በዘፀአት 5 የእስራኤል ሹማምንት ፈርዖን ፊት ቀርበው በግልጽ ተናገሩ። ያገኙት መልስ «ሰነፎች ናችሁ» የሚል ነበር። ሲወጡም ቁጣቸውን በሙሴና በአሮን ላይ አወረዱ። በእኛም ዘንድ ይህ ይደርሳል፤ ከላይ የተገፋ ሠራተኛ ጎኑ ባለው ባልደረባው ላይ ይነሣል። ሥራ በማይገኝበት ዘመን የሚናገር ሰው ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ያዕቆብ ደመወዙን አሥር ጊዜ ለለዋወጠበት ለላባ ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ ፊት ለፊት ሲሟገተው ግን ከመንጋው እንዳልሰረቀ መናገር ቻለ (ዘፍ. 31፥38-42)። እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ቃሉ ክብደት አለው። ባይሰማም እንኳ ሥራውን ለቆ ሲወጣ ሌላ ዕዳ ይዞ አይወጣም።

ቆራጩ እናንተ ስትሆኑ

ከመካከላችሁ ነገ የሒሳብ ሹም፣ የሰው ኃይል ኃላፊ፣ የድርጅት ባለቤት የምትሆኑ አላችሁ። ማስታወቂያው ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ያኔ ነህምያን አስቡ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ለገዢ የሚገባውን ቀለብ አልበላም፤ ምክንያቱም በሕዝቡ ላይ ያለው ሸክም ከባድ ነበር (ነህ. 5፥14-18)። ቅነሳውን ከራሱ ማዕድ ጀመረ። የሥራ አስኪያጁ መኪናና ነዳጅ ሳይነካ የጥበቃውን ሻይ የሚያስቀር ቅነሳ ግን ከታች የጀመረ ነው። ትንሽ የሚመስለው ነገር ትንሽ አይደለም። ኢንቴል የተባለው ትልቅ ኩባንያ በ2024 ከ15,000 በላይ ሠራተኞችን የሚቀንስ ዕቅድ ባወጣበት ወቅት ነፃ ቡናና ሻይን አስቀርቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ግን እንደሚመልስ አስታወቀ። ከአንድ ስኒ ቡና የሚገኘው ቁጠባ ሰው ከሚያጣው ክብር ጋር አልመጣጠን ብሎ ይሆናል። መቀነስ ግድ ከሆነም ሒሳቡን አሳዩ፤ እውነቱን አስቀድማችሁ ንገሩ። የቤተ ክርስቲያናችን ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞችም በዚህ ውስጥ አሉ።

በመጨረሻ፣ አብዛኞቻችን ነገን ሳንጠብቅ ዛሬም አሠሪዎች ነን። ኑሮ ሲወደድ በቤታችንም ወጪ ይቀነሳል፤ ማስታወቂያ ግን አይለጠፍም። በቤታችን የምትሠራው ልጅ የማታ ትምህርቷ «ለጊዜው» ይቆማል፤ የእሑድ ዕረፍቷ ያጥራል፤ ሳሙናዋና ቅባቷ ይረሳል። የሚሠራው እንጀራ፣ የሚታጠበው ልብስ ግን ያው ነው። ያ አዋጅ እሷን አይሸፍናትም፤ ማኅበርም የላትም። ብትጠይቅ «ጠገበች» ትባላለች። ፈርዖንም ከዚህ የተለየ አልተናገረም።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጠይቋት፤ «ምን ቀረብሽ?» በሏት። መልሷንም እስክትጨርስ ስሟት።