የሁለቱ አረጋውያን ቤት

ወዳጄ ሆይ፣ በጨዋታ ውስጥ መስረቅ ኃጢአት ነውን?

በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ የፖላንድ ድርጅት «ዲስ ዋር ኦፍ ማይን» የተሰኘ የቪዲዮ ጌም አወጣ። መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ተከባ የነበረችው የሳራዬቮ ሕዝብ መከራ ነው። በዚህ ጨዋታ ወታደር አትሆንም፤ ሰላማዊ ሰዎችን ከረሃብና ከበሽታ ለማትረፍ ትታገላለህ። ሌሊት ለፍለጋ ስትወጣ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ካሉበት ቤት ትደርሳለህ። ምግብና መድኃኒት አላቸው። አይታገሉህም፤ ይለምኑሃል። ያንተ ሰዎች ደግሞ ተርበዋል። ትወስዳለህን?

ብትወስድ የሚከስህ ዳኛ የለም። ነገር ግን ከሰዎችህ አንዳንዶቹ በሠራኸው ያዝናሉ፤ ይተክዛሉ።

«ጨዋታ እኮ ነው» ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ ማንም አልተዘረፈም። ነቢዩ ናታንም ለዳዊት ስለ አንዲት በግ የነገረው ምሳሌ ነበር። ንጉሡ በበጉ ቀማኛ ላይ ከፈረደ በኋላ ግን የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ሰማ። ታሪኩ ምሳሌ፣ ኃጢአቱ ግን እውነተኛ ነበር።

እንግዲህ በጨዋታ የወሰድከው መድኃኒት ስርቆት አይደለም። ለራስህ የሰጠኸው ምክንያት ግን ጨዋታው ሲያልቅ አብሮህ ይነሣል። «የኔ ሰዎች ይዳኑ እንጂ የሌላው ምን ቸገረኝ» ብለህ ከሆነ፣ ይህ ሐሳብ ነገ በጎረቤትህ ላይ አይሠራምን?

ጨዋታውን ተው አልልህም። ስትጨርስ ግን «ለምን እንዲህ አደረግሁ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ፤ መልሱንም ይዘህ ወደ ጸሎት ግባ።