መኪናውን ከመምረጥሽ በፊት

እናትሽ መኪና ልትገዢ መሆኑን ነገረችኝ፤ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የላክሽልኝንም ጥያቄ አይቻለሁ። ቪትዝ ይሻላል፣ ኮሮላ ይሻላል፣ ወይስ አሁን ሰዉ ሁሉ የሚያወራለት የኤሌክትሪኩ? ዕድሜዬን የጨረስኩት በመሥሪያ ቤት ስምሪት ክፍል ስለሆነ ይህን ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም። ለእነሱ የመለስኩትን ላንቺም እመልስልሻለሁ፦ መጀመሪያ መካኒክ ፈልጊ፤ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣም እወቂ። መኪናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ገና መኪና ሳይኖር መካኒክ ምን ይሠራል የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ባንድ ጊዜ የተገዙ፣ ሞዴላቸውም ቀለማቸውም አንድ የሆኑ መኪኖችን ተረክቤ ለሾፌሮች አከፋፍያለሁ። ዓመታት ሲያልፉ አንዱ ሞተሩ ሳይነካ ክፍለ ሀገር ይመላለሳል፤ ሌላው ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ጥግ ቆሟል። ፋብሪካው ያው ነው፤ የለያያቸው የያዛቸው ሰውና የነካቸው እጅ ነው። ቶዮታ አይበላሽም የሚሉሽን አትመኚ፤ ይበላሻል። የሚሻለው ሲበላሽ ነው። ዕቃው ሶማሌ ተራ አለ፤ ሰፈርሽ ያለው ጋራዥ ሠርቶት ያውቃል፤ ደሴም ጎንደርም ብትቆሚ የሚያነሳሽ አይጠፋም። በአገሩ የተመሰገነ የጀርመን መኪና እዚህ አንዲት ሴንሰር ሲቃጠልበት ዕቃው ከዱባይ እስኪመጣ ድረስ ግቢ ውስጥ አቧራ ይለብሳል። ድክመቱ የመኪናው አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ያጣ አገር ላይ መውደቁ ነው።

ያገለገለ የምትገዢ ከሆነ ከቀለሙ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን እዪ። ቪትዝ የሚባለው ስም ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ያወጣው ነው፤ አውሮፓ የተሸጠችው ያችው መኪና ያሪስ ትባላለች። ጃፓን የሚነዳው በግራ መስመር ስለሆነ እውነተኛዋ ቪትዝ ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር። እኛ አገር በግራ መሪ ካየሻት አንድ ቦታ ላይ ተፈታ መሪዋ ዞሯል ማለት ነው። ቁጥሩ ይነግርሻል፦ ለአውሮፓ የተሠራችው 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር አላት፤ የጃፓኗ ግን እንደ «ኤስሲፒ10» ባለ አጭር መለያ ጀምራ በጥቂት አኃዞች ታበቃለች። መሪዋ የዞረ ሁሉ መጥፎ ነው አልልሽም፤ በጥንቃቄ የተሠራም አይቻለሁ። ነገር ግን ዳሽቦርዱ ተነቅሎ፣ ሽቦው ተቆርጦ ተቀጥሎ፣ የመሪው ዘንግ ተለውጦ ነው የመጣው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የማይገኝ የኤሌክትሪክ ብልሽት የሚመጣው ከዚያ ቅጥያ ነው። መካኒክሽ ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ እያበራ ሽቦውን ሳያይልሽ ቀብድ እንዳትከፍዪ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ደግሞ አትስሚው፤ ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው። የፍሬን መርገጫውን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ እዪ። 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደች የተባለች መኪና የመርገጫዋ ጎማ ተበልቶ ብረቱ ብቅ ካለ ሻጩን አመስግነሽ ተመለሺ።

ከዚሁ ጋር የማልተወው ነገር ኤርባግ ነው። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው የኤርባግ ማፈንጃ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሸ፣ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ሰው ላይ ይረጫል። ሰው ገድሏል። በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ማፈንጃ እንዲቀየር ጥሪ ተደርጓል፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ከተጠሩት ውስጥ የቶዮታ ያሪስና ኮሮላ አሉበት፤ እኛ ጎዳና ላይ የሞሉት ማለት ነው። ጃፓን ወይም ቤልጂየም ያለው ባለቤት ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ በዱባይ ዞራ በግለሰብ እጅ የገባችውን መኪና ባለቤት ግን ማንም አያውቀውም፣ ማንም አይጠራውም። ስለዚህ ጠያቂዋ አንቺ ሁኚ። የሻንሲ ቁጥሩን ይዘሽ ወኪሉ ዘንድ ሂጂ፤ ይህች መኪና በጥሪው ውስጥ አለችበት ወይ፣ ተቀይሮላታል ወይ በዪ። መኪናዋን ከእነሱ ስላልገዛሽ አትፈሪ። የሕይወት ጉዳይ ነው።

መኪናዋ ቤትሽ ከገባች በኋላ ሁለት ፈሳሾችን አጥብቀሽ ያዢ። ስለ ሞተር ዘይት ሁሉም ይነግርሻል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን የሚያነሳልሽ ጥቂት ነው።

አንደኛው የራዲያተሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ድስት ላይ ያለ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የመኪና ሞተር የሚሠራው ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውኃው በየዕለቱ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ነው፤ በግፊት ውስጥ ያለ ውኃ 110 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። እንግዲህ አስቢው፤ ያ ክዳን ከውስጡ አንዲት የጎማ ቀለበትና አንድ ስፕሪንግ ነው ያለው። ጎማዋ ስትደርቅ ግፊቱ ይወጣል፣ ውኃው ይፈላል፣ እየተነነ ይቀንሳል። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት የቧንቧ ውኃ ይጨምራል፤ «ትንሽ ውኃ ትጠጣለች» ይላል። የቧንቧው ውኃ ውስጡን ያዝገዋል፣ ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያ ይደፍናል። አንድ ቀን ከመተሐራ ወደ አዳማ ዳገቱን ስትወጣ ሙቀቱ ቀዩ ላይ ይደርሳል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። የዘይቱን መለኪያ ብትመዢው ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ሞተር የሚያስቀይር ነው፤ መነሻው ግን በጣም ርካሹ ዕቃ ነበር። በስምሪት ዘመኔ የሞተር ማውረድ ጥያቄ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ አምጡልኝ የምለው ያንን ክዳን ነበር። ጎማዋን በጥፍሬ ጫን አደርጋታለሁ፤ ከተሰነጠቀች ነገሩ ከየት እንደጀመረ ገባኝ ማለት ነው። አንቺ መኪናዋን በገዛሽ ሳምንት ክዳኑን አስቀይሪ፤ ውኃውን አስደፍተሽ መጽሐፏ ያዘዘውን ኩላንት አስሞዪ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን በፍጹም አትክፈቺ፤ ፊቱን የተቃጠለ ሾፌር ሆስፒታል ጠይቄያለሁ።

ሁለተኛው የፍሬን ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ሳትነጂ ብታቆሚያትም ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ ውኃ ሲጠጣ ግን 140 ላይ መፍላት ይጀምራል። ከተማ ውስጥ ምንም አይታወቅሽም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርጂ ግን ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ነው። ፍሬን እየረገጥሽ ብትወርጂ ሙቀቱ ዘይቱ ዘንድ ይደርሳል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ መስመሩ ውስጥ አረፋ ይሞላል፤ መርገጫው ወለል ድረስ ይሄድልሻል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሪው። ቁልቁለቱን ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረጂ፤ አውቶማቲክም ብትሆን «2» ወይም «ኤል» አላት፣ ለዚህ ነው የተሠራላት። በነገራችን ላይ የካምቢዮ ዘይትም እንዲሁ በዘፈቀደ አይቀላቀልም። ሲቪቲ ካምቢዮ ውስጥ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ተጨምሮበት የሞተውን አይቻለሁ። ጋራዡ ያለውን ሳይሆን መጽሐፉ ያዘዘውን ነው የምታስጨምሪ።

አሁን ስለ ወኪል ጋራዥ። ሰው በሁለት ይከፈላል፦ ከወኪሉ በቀር አላስነካም የሚልና ወኪሉ ዘራፊ ነው የሚል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። አዲስ መኪና ዋስትናው እስኪያልቅ ወኪሉ ዘንድ መግባት አለበት፤ አንድ ሰርቪስ ውጭ ካስደረግሽ በኋላ ካምቢዮው ቢሰበር ማኅተም የሌለበትን ገጽ ገልጠው ያሳዩሻል። የኮምፒውተር ምርመራም፣ የኤርባግና የኤቢኤስ ሥራም እዚያ ይሻላል። ዋስትናው ካለቀ በኋላ ግን ዘይትና ሸራ ለመቀየር፣ ኩሽኔታ ለመለወጥ ጥሩ የሰፈር መካኒክ ይበቃሻል፤ እንዲያውም እሱ መኪናሽን በድምፅዋ ያውቃታል።

ወኪል ስለሆነ ብቻ ግን ዓይንሽን አትጨፍኚ። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤታችንን አዲስ ፒክአፕ ለሰርቪስ ከማስገባቴ በፊት የአየር ፊልትሮው ላይ በማርከር ቀን ጻፍኩበት። መኪናው ሲወጣ ደረሰኙ ላይ ፊልትሮ ተቀይሯል ይላል፤ ሳጥኑን እዚያው ግቢ ውስጥ ስከፍት ጽሑፌ አለ። አልጮኽኩም። የክፍሉን ኃላፊ አስጠርቼ ደረሰኙንና ፊልትሮውን ጎን ለጎን አሳየሁት። እዚያው አስቀየረልኝ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ የኛ መኪና ሲወጣ አሮጌው ዕቃ ሳንጠይቅ በፌስታል ታስሮ ይሰጠን ነበር። አንቺም ጆብ ካርዱ ሲከፈት «አሮጌውን ዕቃ እወስዳለሁ» ብለሽ አስጽፊ። ከተስማማችሁበት ሥራ ውጭ ደውለው ሳያስፈቅዱሽ ምንም እንዳይጨምሩም አስጽፊ። ይህ ክፉ መሆን አይደለም፤ ጨዋ ጋራዥ ደስ ይለዋል።

ሴት ስለሆንሽ የምነግርሽም አለ። ወንድምሽን ይዘሽ ብትሄጂ መካኒኩ የሚያናግረው እሱን ነው፤ መኪናዋ ግን ያንቺ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ብቻሽን ሂጂ። የችግሩን ስም አትንገሪው፣ ምልክቱን ንገሪው፤ «አሞርዛተሩ ሞቷል» ሳይሆን «ጉድጓድ ስገባ በስተቀኝ ፊት ለፊት ይንኳኳል» በዪ። አሞርዛተር ካልሽው አሞርዛተር ይቀይርልሻል፤ የሚንኳኳው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የጠየቅሽውን አውርዶ፣ በጣቱ ነክቶ የሚያሳይሽን መካኒክ አጥብቀሽ ያዢው፤ ዋጋው ከጎረቤቱ ትንሽ ቢበልጥም አትቀይሪው። «አንቺ አይገባሽም» ያለሽ ጋራዥ ግን ሁለተኛ አይይሽ። አንድ ደብተርም መኪናው ውስጥ ይኑርሽ፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የቀየረው ሰው። ቦሎ ማለፍ ጤነኛ መሆን አይደለምና የዓመቱ ምርመራ አለፈች ብለሽ ደብተሩን አትዝጊ።

የኤሌክትሪኩን ለመጨረሻ ያቆየሁት ጠልቼው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ወደዚያው እየሄድን ነው፤ የሞተር ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ለከተማ ሰው ጥሩ ነው። ግን ስለ መካኒክ ያልኩሽ እዚህ ላይ ይብሳል። መንገድ ላይ የምታዪያት ትልቋ የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ 6 ስሟ የአውሮፓ ቢሆንም ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራች ናት፤ የአውሮፓው አምራች ዋስትና ተከትሏት አልመጣም። የቻርጅ መሰኪያዋም የቻይናው ዓይነት ነው፤ ለአውሮፓ ከተሠሩት ጋር አይገጥምም። ክብደቷ ከሁለት ቶን በላይ ስለሆነ ጎማና የፊት እግር ላይ ትከብዳለች። ስለዚህ ሻጩን ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት ባትሪዋ ሲታመም ማን ይከፍታታል በዪው። የሰውየውን አድራሻ ይስጥሽ፤ ሄደሽ ወርክሾፑን በዓይንሽ እዪ፤ እንደሷ ያለች መኪና ተፈትታ ስትሠራ ካገኘሽ ጥሩ ነው። በራስሽ ቆጣሪ ቻርጅ የምታደርጊበት ግቢ ከሌለሽም ለጊዜው ተያት። ትንሿን 12 ቮልት ባትሪም አትርሺ፤ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ከሞተች መኪናዋ አትነሳም።

አሁን ካለሽበት የኪራይ ቤት አንጻር ከጠየቅሽኝ፣ ባለ 17 ቁጥሯን ያሪስ ወይም በአንድ ባለቤት እጅ የቆየች ኮሮላ ነው የምመርጥልሽ። ስታገኚ የሊብሬውን ፎቶና የሻንሲ ቁጥሩን ላኪልኝ። ለማየት የምንሄደው ጠዋት በ1 ሰዓት ይሁን፤ ሻጩንም ሞተሩን እንዳያስነሳው አስቀድመሽ ንገሪው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅና ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ ማየት እፈልጋለሁ። ደርሰን ኮፋኖው ትኩስ ሆኖ ካገኘነው ሌላ ቀን ጠዋት እንመለሳለን።