በሬውን ያረደውና ድንኳን የሰፋው

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ሰሞን ሥራ ፈት ሆነ። የደርግ መንግሥት ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን፣ በሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ጣቢያ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ወይም አውሮፕላን ሲያበር የኖረው ሁሉ ከነሙያው ሜዳ ላይ ቀረ። 40 ዓመት ያለፈው፣ ልጆች ያሉት፣ ከዚያ ሌላ ሥራ የማያውቀው ሰው እንደገና ከሀ መጀመር ነበረበት። ጥሪህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ከተበተኑት የአየር ኃይል ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ወደ ቀድሞ ሥራቸው እንዲመለሱ ተደረገ።

ዛሬ በዚያችው ከተማ ጥያቄው ተገልብጦ ይመጣል። ማንም ያላባረረው፣ ደመወዙ በየወሩ የሚገባለት የባንክ ሠራተኛ ወይም መምህር 45 ዓመት ሲጠጋው «ዕድሜዬን በማይሆን ነገር ጨረስኩት እንዴ?» ይላል። ነገሩ የእንጀራ ብቻ ቢሆን በሒሳብ ያልቅ ነበር። አንዱ ግን ወደ ንስሐ አባቱ፣ ሌላው ወደ ፓስተሩ፣ ሌላው ወደ ሼኹ ይዞት ይሄዳል፤ ምክንያቱም «ፈጣሪ ለምን ፈጠረኝ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ተጣብቋል።

መልስ ለሚፈልግ ሰው መልስ አይጠፋም። ልቀቅ ለሚለው «ያልተገላበጠ ያራል» የሚል ተረት አለለት፤ ቆይ ለሚለውም «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚል አለለት። መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ለሁለቱም ወገን ጥቅስ አያሳጣም። የመጀመሪያው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ ያለውን፣ መክሊቱን የቀበረውን ሰው ያነሳል። ሁለተኛው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 7 ላይ፣ እያንዳንዱ በተጠራበት ሁኔታ ይኑር ያለውን ይጠቅሳል።

ጥያቄውን በደንብ የሚከፍቱት ግን ሁለት ታሪኮች ናቸው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ኤልሳዕ በ12 ጥማድ በሬ ሲያሳርስ ኤልያስ መጎናጸፊያውን ይጥልበታል። ኤልሳዕ አባትና እናቱን ተሰናብቶ በሬ አረደ፤ ሥጋውን በራሱ በበሬዎቹ ዕቃ እንጨት ቀቀለ፤ ሕዝቡን አበላና ሄደ። ቀንበሩ ከነደደ ወዲያ መመለሻ የለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ የምናገኘው ጳውሎስ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ወንጌል ለመስበክ ቆሮንቶስ ገብቶ፣ በአቂላና በጵርስቅላ ቤት ተቀምጦ ድንኳን ይሰፋል። ጥሪው አልቀነሰም፤ መርፌውንም አልጣለም።

ሥራ ለመልቀቅ የቆረጠ ሰው ኤልሳዕን ይወዳል፤ ያ መቁረጥ ደስ ይላል። ነገር ግን በቢሾፍቱ ዙሪያ ባለው የአድአ ጤፍ መሬት ላይ ለሚያርስ ገበሬ 12 ጥማድ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ብዙዎች ምንባቡን እንደሚረዱት ደግሞ ኤልሳዕ ያረደው ራሱ የቆመበትን አንዱን ጥማድ ነው። እንዲያ ከሆነ 11ዱ ለአባትና ለእናት ቤት ቀርተዋል። አንድ ጥማድ ብቻ ያለው ገበሬ ያንኑ ቢያደርግ ከመንፈሳዊነቱ በፊት የልጆቹ ረሃብ ይነሳል።

ከአል-ጋዛሊ ታሪክም ተመሳሳይ ነገር ይወጣል። እኚህ የእስልምና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1095፣ በ37 ዓመታቸው አካባቢ፣ በዘመኑ ከነበሩት የማስተማሪያ ወንበሮች ትልቁን፣ የባግዳድን ኒዛሚያ፣ ትተው ወጡ። በሕይወት ታሪካቸው ላይ እንደተረኩት ስድስት ወር ያህል ሲያመነቱ ከቆዩ በኋላ ምላሳቸው ተያዘ፤ ተማሪ ፊት ቆመው መናገር አቃታቸው። ሀብታቸውን ሲያከፋፍሉ ግን ለልጆቻቸው መኖሪያ የሚሆነውን አስቀርተው ነው። ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1106 ኒሻፑር ላይ ወደ ማስተማር ተመለሱ። ያው ሥራ ነው፤ የሚያስተምሩበት ምክንያት ግን ተለውጧል።

ቢሾፍቱ የራሷ ምስክሮች አሏት። ሠዓሊው ለማ ጉያ እዚያው አድአ ውስጥ ተወልደው በአየር ኃይል አገልግለዋል፤ አገር የሚያውቃቸው ግን በፍየል ቆዳ ላይ በሠሯቸው ሥዕሎች ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ሲያርፉ ለከተማዋ ሥዕሎቻቸው የሚታዩበትን ቤት ትተውላታል። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው። ስዊድናዊው አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1946 ቢሾፍቱ ላይ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ማሠልጠን ጀመሩ። 60 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ተመልሰው በትንንሽ አውሮፕላኖች በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች እህል ከሰማይ ሲጥሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ጎዴ ላይ ተገደሉ። ሙያቸው መብረር እንደነበረ መብረር ሆኖ ቀረ፤ የተለወጠው ሙያው የሚያገለግላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ሥራዬን ልለውጥ?» የሚል ሰው የሰለቸው ሙያው ይሁን ሙያው የሚውልበት ቦታ አስቀድሞ መለየት አለበት።

የገዳ ሥርዓት ደግሞ ጥያቄውን ከግለሰቡ ትከሻ ያወርደዋል። ኢሬቻ በየዓመቱ በሚከበርበት በሆራ አርሰዲ ዙሪያ፣ የሰው ድርሻ በ8 ዓመት እርከን እንደሚለወጥ ማንም ያውቃል። ሥልጣን የያዘው ሉባ 8 ዓመት መርቶ የሥልጣን ምልክቱን ባሊ ለተከታዩ ያስረክባል፤ አስረካቢውም ዩባ ሆኖ መካሪ ይሆናል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው ይህ ሥርዓት እርከኖቹን የሠራው ለወንዶች ነው፤ ያ አይካድም። ቢሆንም በመካከለኛ ዕድሜ ድርሻ መለወጥን እንደ ውድቀትም እንደ ጀብዱም አይቆጥርም። የሚረከበው ይታወቃል፤ የአስረካቢው ዕውቀትም አይጣልም። መልቀቂያ አስገብቶ ክሊራንስ የሚጨርሰው የቢሮ ሠራተኛ ግን ብቻውን ነው።

ብቻውን መሆኑ ምን እንደሚያስከፍል የዶሮ እርባታ ያሳያል። ቢሾፍቱ የአንድ ቀን ጫጩት የሚፈለፈልባት ከተማ ስለሆነች፣ ሥራ ለመልቀቅ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ዶሮ ጀምር» የሚል ነው። 500 ጫጩት የገዛ ሰው የመጀመሪያውን እንቁላል የሚያየው ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ ቄቦቹ ወደ 35 ኩንታል መኖ ይበላሉ፤ መጣል ከጀመሩ በኋላ እያንዳንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትፈልጋለች። ክትባቱ ከተዘነጋ ፈንግል ቤቱን በቀናት ውስጥ ባዶ ሊያደርገው ይችላል። በእነዚያ አምስት ወራት የቤት ኪራዩንና የትምህርት ቤት ክፍያውን የሚሸፍነው የትዳር ጓደኛ ደመወዝ ነው፤ ወይም የእናት ጡረታ፣ ወይም ለልጅ ተብሎ የተቀመጠ እቁብ። «ጥሪዬን ተከተልኩ» የሚለው አንድ ሰው ነው፤ ከፋዩ ግን ቤተሰቡ ነው።

መቆየትም ቢሆን በነጻ አይገኝም፤ ከፋዩ ስለማይታይ ነው ነጻ የሚመስለው። ትምህርቱን ከጠላው መምህር ፊት የተቀመጡት ልጆች ይከፍላሉ። ሥራዋ አንገሽግሿት የሰው ፊት ማየት ያስጠላት ነርስ ዘንድ ደግሞ በሽተኛው ይከፍላል። «ልጆቼ እስኪያድጉ ልታገስ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ፍርሃት ትዕግሥት የሚባል ነጠላ ለብሶ ይመጣል፤ የተቀበረውም መክሊት የተቀበረው በፍርሃት እንደሆነ ምሳሌው ራሱ ይናገራል። በዚያ ምሳሌ ውስጥ መክሊቱ የአገልጋዩ የግል ሀብት አይደለም፤ ጌታው ተመልሶ ይተሳሰባል። ለሚለቀውም ለሚቆየውም ሒሳቡ አንድ ነው፤ ከውሳኔው ዋጋ ስንቱ በሌላ ሰው ላይ ወደቀ?

ስለዚህ በ40ዎቹ ዕድሜ ላለና ከደመወዙ ውጭ መደገፊያ ለሌለው ሰው የጳውሎስ መንገድ ይሻላል። አዲሱን ሥራ በቅዳሜና በምሽት ይጀምር፤ መልቀቂያውን ከማስገባቱ በፊትም የሚከፍሉለትን ሰዎች በስም ቆጥሮ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠይቃቸው። እነሱ ተስማምተው፣ ቢያንስ የስድስት ወር ቀለብ ተይዞ፣ ሥራውም በትንሹ ተሞክሮ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ምልክት ከሰማይ እየጠበቀ ዓመት መጨመር የለበትም።