የሞገዱ ጉልበትና የጋላቢው ፈቃድ

ሰው በገዛ ጉልበቱ ብቻ የሚሠራው ሥራ እጅግ ጥቂት ነው። ገበሬው ዝናሙን አይፈጥርም፤ ነጋዴው የገበያውን ዋጋ ብቻውን አይቈርጥም፤ የመንግሥት ሠራተኛም የሚሠራበትን ደንብ አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ ያገኘዋል እንጂ እርሱ አልጻፈውም። ከተወለድንበት ዘመን ጀምሮ እስካደግንበት ሰፈር ድረስ ብዙው ነገር ሳንጠየቅ የተሰጠን ነው። እንግዲህ ከእርሱ የሚበልጥ ኀይል ተሸክሞት ሲሄድ፣ ሰው «ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ ስለ እርሱም እጠየቃለሁ» ሊል ይገባዋልን? ወይስ «ወሰደኝ» ብሎ ከወቀሳ ሊድን ይችላል?

ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። እኔ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ቢሮ የገባሁ ሰው እንጂ ፈላስፋ አይደለሁምና፣ ጥያቄውን የምመረምረው ከአንድ ጨዋታ ተነሥቼ ነው። ጨዋታውም ፈረንጆች ሰርፊንግ የሚሉት፣ በሰሌዳ ላይ ቆሞ የባሕርን ሞገድ መጋለብ ነው።

የድሬዳዋ ሰው ስለ ባሕር ሞገድ ሲያወራ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ናት፤ ባሕሩ ግን በሐዲዱ መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቀርቷል። በመካከላችን የሚያልፈው ደቻቱም ቢሆን ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እኔም ራሴ ባሕርን በዓይኔ አላየሁም። ነገሩን የሰማሁት በአውስትራሊያ አገር በሜልቦርን ከተማ ከሚኖረው ከአክስቴ ልጅ ነው። እርሱ ዕድሜው ሠላሳን ካለፈ በኋላ፣ ከከተማው 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በቶርኪ የባሕር ዳርቻ ይህን ጥበብ ይማር ጀመረ። ባለፈው ዓመት ሊጠይቀን መጥቶ፣ በእናቴ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ በሰፊው አጫወተን።

ጥበቡ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሕዝብ የጥንት ጥበብ ነው። በ1771 ዓ.ም. ከካፒቴን ኩክ መርከቦች ጋራ ሃዋይ የደረሰው መኰንን ጄምስ ኪንግ፣ የአገሩ ሰዎች በሰሌዳ ላይ ሆነው ከሞገድ ጋራ ሲጫወቱ አይቶ በመደነቅ ጽፎታል። በ1904 ዓ.ም. በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ዋና ወርቅ ያገኘው የሃዋይ ተወላጅ ዱክ ካሃናሞኩም፣ በ1907 ዓ.ም. ሲድኒ አጠገብ ለአውስትራሊያ ሕዝብ አሳይቶታል። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኦሊምፒክ ውድድሮች እንደ አንዱ ተቈጥሯል።

ሞገድ ሲባል ውሃው ራሱ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለናል። ዳሩ ግን በጥልቁ ባሕር ላይ የሚጓዘው ውሃው ሳይሆን፣ ነፋስ በሩቅ ቦታ ለባሕሩ የሰጠው ጉልበት ነው፤ ውሃው ባለበት እንደ መንኰራኵር ዞሮ ይመለሳል። ሞገዱ ወደ ዳር ቀርቦ ውሃው ሲያንስ ግን እግሩ ይዘገያል፣ አናቱ ይቀድማል፣ ከዚያም ይደረመሳል። መልካም ሞገድ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈርስም፤ ከአንድ ወገን ጀምሮ ወደ ጎን እየተፈታ ይሄዳል። ከፈረሰው አረፋ አጠገብም ገና ያልፈረሰ ለስላሳ የውሃ ግድግዳ ይቀራል። የጋላቢው ጥበብ ያለው በዚህ ግድግዳ ላይ ነው።

ጀማሪ ግን ወደዚህ ግድግዳ ቶሎ አይደርስም። በመጀመሪያ ሞገዱ ከፈረሰ በኋላ የሚመጣው አረፋ ይገፋዋል፤ እርሱም በሰሌዳው ላይ ተንቀጥቅጦ ይቆምና ቀጥ ብሎ ወደ አሸዋው ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ ለስድስት ወር እንዲህ ሲያደርግ ከረመ። መውደቅ ስለ ተወና በዳር የቆሙትም ስላጨበጨቡለት፣ ጥበቡን የጨረሰ መሰለው። አስተማሪው ግን «እስካሁን ሞገዱ ጭኖህ ሄደ እንጂ አንተ አልጋለብኸውም» አለው። ቀጥ ብሎ መውረድ የአረፋው ሥራ ነው፤ እንጨትም ቢሆን እንዲሁ ይወርዳል። ግልቢያ የሚጀመረው ሰውየው ወደ ጎን ሲታጠፍና በግድግዳው አግድም ሲሄድ ነው።

ይህንም ለመማር መጀመሪያ አሳብን መቍረጥ ያስፈልጋል። ሞገዱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እየተፈታ መሆኑን ገና ከሩቅ ሳለ መለየት፣ በደረት ተኝቶ በእጅ ሲቀዘፍም የሰሌዳውን አፍንጫ በጥቂቱ ወደዚያው ማዘንበል ይገባል። ከቆሙ በኋላ አስባለሁ የሚል ሰው ሲያስብ ታች ይደርሳል፤ አረፋውም ከኋላው መጥቶ ይሸፍነዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የዓይን ነገር ነው። ጀማሪ እግሩን ያያል፤ እግሩን ያየ ይወድቃል። መሄድ ወደሚፈልግበት፣ ገና ወዳልፈረሰው ግድግዳ ቢመለከት ግን ትከሻው ዓይኑን፣ ወገቡ ትከሻውን፣ ሰሌዳውም ወገቡን ይከተላል። ይህን ሲነግረኝ በልጅነቴ በከዚራ ጥላ ሥር ብስክሌት የተማርሁበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ጉድጓዱን አተኵሬ ባየሁ ቍጥር ጉድጓዱ ውስጥ እገባ ነበር፤ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለውን ደኅና መንገድ ማየት ስጀምር ግን አለፍሁት።

በመጨረሻም ሚዛን ነው። ጕልበትን አጠፍ አድርጎ፣ ክብደትን ከግድግዳው ወገን ባለው የሰሌዳ ጠርዝ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ወደ ኋላ ያበዛ ሰሌዳው ይገታበታል፤ ወደ ፊት ያበዛ አፍንጫው ይሰምጥበታል። ከጉልበቱ ምንጭ ርቆ እጅግ የቀደመም ሞገዱ ጥሎት ያልፋል፤ ስለዚህ ዐዋቂው ጋላቢ አልፎ አልፎ ወደ አረፋው መለስ ብሎ ጉልበት ይቀበላል። ደግሞም ሕግ አለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ ላይ ቢነሡ፣ መንገዱ የሚገባው ከሚፈርሰው አናት አጠገብ ላለው ነው፤ ሌላው ከፊቱ ገብቶ ሊቀማው አይፈቀድለትም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ጋላቢው ለሞገዱ ከጉልበቱ ቅንጣት አይጨምርለትም፤ ሊያቆመውም አይችልም። አቅጣጫው ግን የእርሱ ነው። በአንድ ሞገድ ላይ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ አሸዋ ይወርዳል፣ ሌላው በግድግዳው ላይ አግድም ሲሄድ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ የተሸከማቸው ኀይል ግን አንድ ነው። ስለዚህ የሰውን ፈቃድ የምንፈልገው በጉልበቱ መጠን ሳይሆን፣ ባልፈጠረው ጉልበት ውስጥ ወዴት እንደ ታጠፈ በማየት ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ደረሰ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ የሰኔን ወር ያውቀዋል፤ ከሰኔ 30 በፊት በጠረጴዛ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ እልባት ያግኝ የሚል ትእዛዝ ይወርዳል። ትእዛዙ መጥፎ አልነበረም፤ የባለጉዳይ ነገር ሳይጓተት እንዲያልቅ የታሰበ ነው። እኛ ግን የፋይሉን ቍጥር መቀነስ ጀመርን። አንዲት መበለት ከሽኒሌ እየተመላለሰች የባልዋን የጡረታ ጉዳይ ትከታተል ነበር። ከፋይልዋ አንድ ወረቀት ጐደለ። ጓደኞቼ እንደሚያደርጉት እኔም «ማስረጃው ሲሟላ ይቅረብ» ብዬ መለስሁት፤ ከጠረጴዛዬም አንድ ፋይል ቀነሰ። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በኋላ እንዳወቅሁት የጐደለው ወረቀት ከእኔ ክፍል ሃያ ርምጃ በማይርቀው መዝገብ ቤት በሌላ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ማንም አልወቀሰኝም። እንዲያውም ሥራዬን በጊዜው ስለ ጨረስሁ ተመሰገንሁ። ይህም ለጀማሪው ጋላቢ በባሕር ዳር እንደ ተጨበጨበው ጭብጨባ ያለ ነው። ትእዛዙን እንቢ ማለት አይገባኝም ነበር፤ ሰኔንም ላቆመው አልችልም። ነገር ግን በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ሃያ ርምጃ ወደ ጎን ለመሄድ የከለከለኝ አልነበረም። ፋይሉም ከሰኔ 30 በፊት እልባት ባገኘ ነበር፤ ያውም እውነተኛ እልባት። እኔ ግን ዓይኔን በገዛ እግሬ ላይ ጣልሁ። «ትእዛዙ ወሰደኝ» ማለት የማልችለው ስለዚህ ነው።

ምናልባት አንባቢ «ኀይል ሁሉ የሚጋለብ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት ያነሣችው እናቴ ናት። የአክስቴ ልጅ በእጁ ሞገዱን እየሣለ ሲያጫውተን እርስዋ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ በደጋው የጣለው ዝናም በሌሊት በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙ ቤቶችም ፈርሰዋል። ያን ጊዜ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በማግሥቱ ጧት የሰፈራችን ሰዎች በጭቃው ውስጥ ዘመዶቻቸውን ሲፈልጉ አይቻለሁ። እናቴም ስኒዋን አስቀምጣ «አንተ ልጅ፣ በውሃ አትቀልድ! ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አለችው።

እርሱም አንገቱን ደፍቶ እንዲህ ሲል መለሰላት፦ «እውነትሽን ነው እታባ። አስተማሪዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ መቆም አይደለም። ሰሌዳዬን አስቀምጦ በአሸዋው ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀመጠኝና ባሕሩን እንዳይ አደረገኝ። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ የሚደረመስ ሞገድ ጎን የለውም፤ እንዲህ ያለ ቀን ከሆነ ወደ ቤት መመለስ ነው አለኝ።»

እናቴ ጥቂት አሰበችና «እንዲያ ከሆነ አስተማሪህ ሰው ነው» አለች፤ ሦስተኛውንም ቡና ቀዳችልን።

እኔም ይህን መልስ ተቀብየዋለሁ። ጎን የሌለው ኀይል አለ። ጎርፍ ሲመጣ ከመንገዱ መሸሽና ሌላውንም ማሸሽ እንጂ መፈላሰፍ አይገባም። ሰውን ወደ ግፍ ብቻ የሚወስድ ትእዛዝም ከዚሁ ወገን ነው፤ በእርሱ ላይ ብልኀተኛ ጋላቢ መሆን ክብር አይደለም። ነገር ግን በየቀኑ የሚያጋጥመን ኀይል አብዛኛው እንዲህ ያለ አይደለም፤ ያልፈረሰ ግድግዳ አለው። ችግራችን ከመቀመጣችንና ከማየታችን በፊት ወደ ውሃው መግባታችን፣ ከገባን በኋላም እግራችንን ማየታችን ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ የሥራ ጓደኞቼና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ዘመኑ ወሰደን ከማለታችን በፊት ወዴት ታጥፈን እንደ ነበረ ራሳችንን እንጠይቅ። እኔ አሁን ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያውን ጧት ብዕር ሳላነሣ የተከመረውን ፋይል አንድ በአንድ አያለሁ፤ የጐደለ ወረቀት ያለበትንም ለይቼ አስቀምጥና ወደ መዝገብ ቤቱ እሄዳለሁ። የሽኒሌዋ ሴት ጉዳይዋ ዘግይቶም ቢሆን ተፈጽሞላታል። የተመላለሰችበትን ሦስት ጊዜ ግን ልመልስላት አልችልም።